ዋትና ኦም፦ የሁለት አስቸጋሪ እስፒከሮች ታሪክ

«ድምፅ ማጉያ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት መሣሪያዎችን እንጠራበታለን፤ ይኸውም የኤሌክትሪኩን ምልክት የሚያጎለብተውን አምፕሊፋየርና ምልክቱን ወደ ድምፅ የሚለውጠውን እስፒከር ነው። በስም መደባለቃቸው ጉዳት የለውም። በመኖሪያ ቤት ሲጣመሩ ጠባያቸው የማይስማማ እንደሆነ ግን ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ በአንድ ምሽት ሊቃጠል ይችላል። የዋት ብዛት ብቻውን ከዚህ አያድንም።

ፒተር ዎከር የመሠረተው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ ኳድ በሚል ስም የታወቀውን ኤሌክትሮስታቲክ እስፒከር ከሃንቲንግደን ከተማ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የተለመደው ጥቅልል ሽቦና የወረቀት ሾጣጣ አልነበረውም፤ በሺህ በሚቆጠር ቮልት የተሞላ እጅግ ስስ ፕላስቲክ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል እየተርገበገበ ድምፅ ይሰጣል። አሠራሩ የካፓሲተር በመሆኑም ለፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ ከቶ አይረጋም፤ በጎርናናው ድምፅ ላይ ከ30 ኦም በላይ ይወጣና በቀጭኑ ጫፍ ከ2 ኦም በታች ይወርዳል። «በ8 ኦም ይህን ያህል ዋት» የሚል መግለጫ ለእንዲህ ያለው እስፒከር ምን ይፈይዳል? የኩባንያው የራሱ አምፕሊፋየር እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው ባለቫልቩ ኳድ 2 ነበር፤ ጉልበቱም 15 ዋት ብቻ ነው። ለመካከለኛ ሳሎን በቃ።

ችግሩ የመጣው ጉልበት ሲረክስ ነው። ትራንዚስተር ቫልቭን ተክቶ የዚያው ኩባንያ 303 እ.ኤ.አ. በ1967 በ45 ዋት፣ 405 ደግሞ በ1975 በ100 ዋት ወጡ። በእስፒከሩ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ግን ጫፉ ከ33 ቮልት ካለፈ ብልጭታ ዘልሎ ስሱን ፕላስቲክ ይበሳዋል። ስለዚህ 405ን ከዚህ እስፒከር ጋር ለሚያገናኝ ሰው ቮልቴጁን የሚገድብ ተጨማሪ ሰርኪት አስፈለገ። ፋብሪካው የገዛ ፈረሱን መለጎም ነበረበት ማለት ነው።

በአሜሪካ የተገላቢጦሹ ሆነ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አፖጂ የተባለው ኩባንያ ሲንቲላ የተሰኘ፣ ድምፁ ከአሉሚኒየም ሪባን የሚወጣ እስፒከር አቀረበ፤ ተቃውሞውም 1 ኦም ገደማ ነበር። ሒሳቡን ባልደረቦቼ ያውቁታል፤ 20 ቮልት በ8 ኦም ላይ 2.5 አምፔርና 50 ዋት ነው፤ በ1 ኦም ላይ ግን 20 አምፔርና 400 ዋት ይሆናል። በመግለጫቸው ከፍተኛ ዋት የጻፉ ብዙ አምፕሊፋየሮች ይህን ያህል ፍሰት ሲጠየቁ ወይ መከላከያቸው ይዘጋቸዋል፣ ወይ ትራንዚስተራቸው ይነዳል። ዳን ዳጎስቲኖ እ.ኤ.አ. በ1980 የመሠረተው የክሬል ኩባንያ ግን ኬኤስኤ 50 የተባለውን አምፕሊፋየር በ8 ኦም 50፣ በ4 ኦም 100፣ በ2 ኦም 200 ዋት እንዲሰጥ አድርጎ ሠራው። ኦሙ በግማሽ ሲቀንስ ዋቱ እጥፍ መሆኑ ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሮቹ ያለ ስስት መሠራታቸውን ያሳያል። ዋጋውም ሙቀቱም የዋዛ አልነበረም፤ ሙዚቃ በሌለበትም ሰዓት ኃይል በሚያቃጥለው በክፍል ኤ ስልት የሚሠራ በመሆኑ ማራገቢያ ተገጥሞለታል።

እኔ ምክር ስጠየቅ አስቀድሜ የማየው የእስፒከሩን የኦም ኩርባ ነው፤ ዝቅተኛው ስንት ነው፣ በየትኛውስ ድግግሞሽ? ቀጥሎ አምፕሊፋየሩ በ4ና በ2 ኦም የሚሰጠውን ዋት፣ ከዚያም እስፒከሩ የሚችለውን የቮልቴጅ ጣሪያ እመለከታለሁ። የኳዱ ኤሌክትሮስታቲክ እ.ኤ.አ. እስከ 1985 ተመርቷል፤ ዛሬም እየጠገኑ የሚያዳምጡበት አሉ። ያን አሮጌ ጥንድ ከአዲስ ባለ200 ዋት አምፕሊፋየር ጋር ለማገናኘት የሚያስብ ሰው፣ 200 ዋት በ8 ኦም ሲሰላ የቮልቴጁ ጫፍ ወደ 57 ቮልት እንደሚደርስ ገመዱን ከመሰካቱ በፊት ያስላ።