ባሕር ዛፉን ማን ቆረጠው?

ክፍል ገብቼ «ባሕር ዛፍን ያስገባው ማን ነው?» ስል ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ «ዳግማዊ ምኒልክ!» ይላሉ። ልክ ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የዙሪያዋ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። እንጨት ጠፍቶ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ሁሉ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው ከተማዋን ባለችበት ያቆያት።

እስቲ ሌላ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ያን ሁሉ ዛፍ ማን ቆረጠው? ቤታችን የቆመበት ቋሚና ማገር፣ የፎቁ መወጣጫ አጣና፣ እንጀራ የተጋገረበት ማገዶ በሙሉ የሆነ ሰው መጥረቢያና መጋዝ ይዞ የጣለው ነው። መጽሐፋችን ላይ ግን የለም።

ያደግኩበት ሰፈር ጋሼ የምንላቸው ቆራጭ ነበሩ። አንድ ቀን የቆረጡት ዛፍ ሳይወድቅ ሌላ ዛፍ ላይ ተንጠለጠለ። ሊያስለቅቁት ከሥሩ ገቡ፣ ግንዱ እግራቸው ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ በምርኩዝ ነው የኖሩት። ያስቆረጣቸው ባለ ዛፍ የአንድ ቀን ሂሳብ ሰጥቶ ሄደ።

ሙያው የራሱ ሕግ አለው። መጀመሪያ ዛፉ በሚወድቅበት በኩል አፍ ይከፈትለታል፣ ቀጥሎ ከጀርባው ይቆረጣል። መሃል ላይ ሳይቆረጥ የምትቀረው ቀጭን እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆና አወዳደቁን ትመራለች። እሷን የቆረጠ ሰው ዛፉ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ሌላው ሰው ደግሞ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ይርቃል። የተንጠለጠለ ዛፍ ሥር አይገባም፣ በቃ!

አሁን የሞተር መጋዝ መጥቷል። መጋዙ ወደ ሰው ሲፈናጠር ሰንሰለቱን የሚያቆም ፍሬን ከተሠራለት ሃምሳ ዓመት አልፏል። የእኛ ልጆች ግን ፍሬኑ በተበላሸ መጋዝ፣ በሸበጥ፣ ያለ ሄልሜት ሲቆርጡ አያለሁ። አዋጅ 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። በቃል ተስማምቶ በቀን ሂሳብ የሚቆርጠው ጋ ሲደርስ ግን አላየሁም።

ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የጋሼ እግር አላቆጠቆጠም።

ዛፍ የምታስቆርጡ ወገኖች፣ ከዋጋው በፊት ሄልሜትና ጫማ እንዳለው ጠይቁት። ከሌለው ግዙለት።