ሰባራ ስንል

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በየዕለቱ ከአፋችን ከሚወጡት ቃላት መካከል «መስበር»ን ያህል በብዙ ሥራ ላይ የሚውል ጥቂት ነው። እንስራ ቢወድቅ ሰባራ ይባላል። ድሀ ኪሱን ዳብሶ «ሰባራ ሳንቲም የለኝም» ይላል። ያዘነ ልቡ ተሰበረ፣ ተስፋ የቆረጠ ቅስሙ ተሰበረ ይባላል፤ ትሑት ሰው ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ ሲሄድ ይመሰገናል። ሌባ ቤት ሰብሮ ይገባል፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ፍርድ የሚያርመውም ችሎት ሰበር ሰሚ ይባላል። እንግዲህ አንዱ ቃል ጥፋትንም፣ ሐዘንንም፣ ትሕትናንም፣ ፍትሕንም ይሸከማል ማለት ነው።

እኔ ይህን ያስተዋልሁት አፍሬ ነው። በመካነ ሰላም ተማሪ ሳለሁ አብሮን የሚማር አንድ ልጅ ነበረ። የጎረቤት ጥጃ ከገደል አፋፍ ሊመልስ ሲሮጥ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ወጌሻ ቢያሸውም አጥንቱ ተጣሞ ስለ ገጠመ ያነክስ ነበር። እኛም ስሙን ትተን «ሰባራው» እንለው ጀመር። አንድ ቀን በደጃችን ሲያልፍ እንዲህ ብዬ ስጠራው አያቴ ሰማችኝ። አልተቆጣችኝም፤ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ገል አንሥታ፦

«ልጄ፣ ዛሬ ጧት ከጎረቤት እሳት የጫርሁት በምንድን ነው?» አለችኝ።

«በሰባራ እንስራ» ብዬ መለስሁ።

«እንግዲያው ሰባራ ብለህ ከመናቅህ በፊት ማን እንደ ሰበረው፣ በምን ምክንያትም እንደ ተሰበረ ጠይቅ» አለችኝ።

ታሪክም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። በዚሁ በወሎ ደጋ፣ በመቅደላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ምሽጉን ሰብሮ ገባ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መረጡ። ስለዚህ አምባው ተሰበረ ሲባል እንጂ ንጉሡ ተሰበሩ ሲባል አልሰማሁም።

ከዚህም ይልቅ ስሙ ራሱ የሚያስተምር አንድ ሥራ በዓባይ ላይ አለ። በቦረናችን ግርጌ የሚያልፈው ዓባይ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት፣ ከሞጣ በስተ ሰሜን፣ በሰባራ ድልድይ ሥር ያልፋል። ይህ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ ከድንጋይና ከኖራ ተሠርቶ ጎጃምንና በጌምድርን ሲያገናኝ የኖረ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉን አፈረሱት። አገራቸውን ለማዳን ሲሉ የገዛ መንገዳቸውን ቆረጡ።

ጠላት ከወጣ በኋላ ግን ድልድዩ ሳይጠገን ብዙ ዘመን ቆየ። መንገደኛው በገመድ ተንጠልጥሎ፣ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱ ያሻግሩት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ክፍተቱ በብረት ተገጠመ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ከፍ ባለ ስፍራ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እንግዲህ መስበሩ ለአርበኞቹ ክብር ነው፤ ያን ያህል ዘመን ሳይጠገን መቆየቱ ግን ለእኛ ለተከታዮቻቸው ክብር አይደለም። አንድ ነገር መሰበሩና ተሰብሮ መተዉ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ናቸውና፣ ተጠያቂያቸውም አንድ አይደለም።

ያ ጓደኛችን በዓመቱ ትምህርቱን ተወ። ምክንያቱ ድህነት ነው ተባለ፤ እኔ ግን የእኔም ምላስ ድርሻ እንዳለበት ዐውቃለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ቤታቸው በሄድሁ ጊዜ ቤተሰቡ አገሩን ለቆ ነበር። ወጌሻው እግሩን ሊያቃና ሞክሯል፤ እኔ ግን የሰበርሁትን ልብ ለመጠገን ዘግይቼ ደረስሁ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ሰባራ ነገር ወይም የተሰበረ ሰው ስታይ አስቀድመህ ማን ሰበረው፣ ስለ ምንስ ተሰበረ ብለህ ጠይቅ። ከጠየቅህም በኋላ፣ ድልድዩ እስኪጠገን ድረስ፣ የገመዱን አንድ ጫፍ ያዝ።