ኤንትሬ እና የምትበራው መብራት

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የጣሊያን ጦር የመጣው በከባድ መኪና ተጭኖ ነበር። በኅዳር 1934 ዓ.ም. ተሸንፎ እጁን ሰጠ፤ ቋንቋው ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፖምፓ፣ ካቻቪቴ። እ.ኤ.አ. በ1952 ብቅ ካለው ፊያት 682 ዝርያ የኛ ሰው ኋላ «ኤንትሬ» ያለው መጣ፤ «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው።

የኤንትሬ ሴንሰር የሹፌሩ ጆሮ ነበር። ናፍጣውን የሚመጥነው ፖምፓ ኮምፒዩተር አያውቅም፤ ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ባትሪ ቢሞትም አይቆምም።

ሰሊጥ ሊጭኑ ወደ መተማና ወደ ገለጉ ቆላ የሚወርዱት የኋለኞቹ መኪናዎች ግን ሌላ ናቸው። የውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር በጋለ ቁጥር ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ይቀንሳል። እናም ሽቦው ሲበጠስ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ ብርድ የያዘው ይመስለዋል፤ ያውም በገለጉ ጠራራ ፀሐይ! ሽቦው ሻንሲ ከነካ ደግሞ ሞተሩ የነደደ ይመስለዋል። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሶኬቱን ነቅሎ ዝገቱን መጥረግ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ማጥበቅ፣ ሽቦውን በቴስተር መለካት ይቀድማል።

እኔን የሚያሳስበኝ መብራቷን መናቅ የለመደው ሹፌር ነው። እውነቷን የበራች ዕለት ቴስታታው ይሰነጠቃል። የኤንትሬ ሹፌር ቢያንስ ራዲያተሩን ሳያይ ዳገት አይጀምርም ነበር።