ከገና ሜዳ እስከ ሊግ፦ የሜዳ ጠብና የስፖርት አስተዳደር፣ ከአርሲ ደጋ ሲታይ

የአገራችን የስፖርት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በዋንጫና በሜዳሊያ ነው። ይህ ቅኝት ሌላ ክር ይከተላል፤ ሰዎች ለጨዋታ ሲጋጠሙ የሚነሣውን ጠብ ማን፣ በምን ሥልጣን፣ በየትኛው ሕግ ሲያበርደው እንደኖረ ይመረምራል። መመልከቻችን ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለችው የዶዶታ ወረዳዋ ከተማ ዴራና ከበላይዋ የተንጣለለው የአርሲ ደጋ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ምድር ለዓለም ታላላቅ ሯጮችን ያበረከተ፣ ከዚያም አልፎ ጠብን የሚያበርድ ሥርዓት ገና ፌዴሬሽን የሚባል ነገር ሳይታሰብ የነበረው ነው። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ የሜዳ ጠብ የሚቀንሰው የፖሊስ ቁጥር ሲበዛ ሳይሆን ፍርድ ሰጪው ሲታመን ነው።

ከጥንቱ እንጀምር። በሰሜኑና በመሀሉ የአገራችን ክፍል ለዘመናት የኖረው የገና ጨዋታ ከመነሻው ሻካራ ነበር። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ የያዙ ወጣቶች ሩር የምትባለውን ኳስ እየመቱ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ይሯሯጣሉ። ሜዳው የተሰመረ ወሰን፣ ቡድኑም የተወሰነ ቁጥር አልነበረውም፤ መንደር ከመንደር ሲጋጠም ቅልጥም መመታት፣ ደም መፍሰስ፣ አንዳንዴም አጥንት መሰበር የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ጨዋታው የሚታወቅ ልጓም ነበረው። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋጠማሉ፤ ጌታው ቢመታ እንኳ መቆጣት እንደማይገባው በብሂል ጸንቷል። ወቅቱ ሲያልፍ ዱላው ይሰቀላል። በፈረስ ጉግስም እንዲሁ በጋሻ የሚመክትና ዘንግ የሚወረውር ፈረሰኛ የማይተላለፈው ደንብ ነበረው፤ ደንቡን የሚጠብቁትም በዕድሜና በክብር የታወቁ ሰዎች ናቸው።

ፈረስ የኑሮው አካል በሆነበት በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ጠብን ማብረድ ራሱን የቻለ ተቋም ነው። በገዳ ሥርዓት ጥላ ሥር ሽማግሌዎች በጃርሱማ ያስታርቃሉ፤ ደም ሲፈስ የደም ካሳው፣ ጉማ፣ ተቆርጦ ቂሙ ይዘጋል። ከሁሉ ይልቅ ሊታይ የሚገባው ግን ሲንቄ ነው። ሲንቄ ልጅቱ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጥ ያለ ቀጭን በትር ነው፤ የሚቆረጠውም ሃሮሬሳ ከሚባለው ዛፍ ነው። ባለትዳር ሴት ክብሯ ሲነካ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ ሌሎቹ ሴቶች የቤት ሥራቸውን ትተው ይከተሏታል፤ በዳዩም በሽማግሌ ፊት ቀርቦ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ወንዶች ተቧድነው ሲጋጩም ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ይቆማሉ። የተነሣው ጦር ይወርዳል፤ ሲንቄ የያዙ እናቶችን ጥሶ ማለፍ ነውር ነውና። በትሯ ለመምታት የታሰበች አይደለችም፤ ጉልበቷ ሁለቱም ወገን አስቀድሞ ስለተቀበላት ነው። ገዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያወቀው አንዱን ገጽ ብቻ ነው፤ ለስፖርት አስተዳደር ትምህርት የሚሆነው ገጽ ይህኛው ይመስለኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዘመን በአጭሩ ይህ ነው፦ ጨዋታው ሻካራ፣ ሕጉ ያልተጻፈ፣ ዳኛው ግን የታመነ።

ሁለተኛው ዘመን የተጻፈ ሕግ ዘመን ነው፤ የሚጀምረውም ከእኛ ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ለንደን ላይ የእግር ኳስ ማኅበር ሲመሠረት ክለቦቹን ከከፈሉት ዋና ጥያቄዎች አንዱ የተጋጣሚን ቅልጥም በእርግጫ መምታት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው ነበር። የከለከሉት እግር ኳስን ይዘው ቀሩ፤ የብላክሂዝ ክለብ ተቃውሞ ወጣ። ከወጣው ወገን የተገኘው የራግቢ ማኅበር በ1871 ሲቋቋም ግን ራሱ ያን ድርጊት ከሕጉ ሰረዘው። ራግቢ በአገራችን ሥር አልሰደደም፤ ልምዱ ግን ሊጠና ይገባል። እጅግ ጉልበት የሚጠይቀው ይህ ስፖርት ከዳኛው ጋር የመነጋገርን ኃላፊነት ለአምበሉ ሰጥቶ፣ ተጫዋቹ በዳኛ ላይ እንዳይጮህ ከልጅነቱ አስተምሮ ነው የኖረው። ጉልበት በበዛ ቁጥር ሥርዓቱም መጥበቅ እንዳለበት መሥራቾቹ ገብቷቸዋል።

እግር ኳስ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከውጭ ማኅበረሰቦች ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ክለብ ያቆሙበት ምዕራፍ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ወራሪው ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ያዘ፤ ሜዳውንም በዘር ለየ። በዚያ ዘመን የጨዋታው አስተዳደር የበደል መሣሪያ ነበር፤ ይህን ያዩ ወጣቶች በኋላ ራሳቸው አስተዳዳሪ ሲሆኑ ትምህርቱን አልረሱትም።

ከእነዚህ ዋናው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ተመሠረተ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን ሲያቋቁሙ፣ አብራ መሥራች የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሉቻኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ ያነሣንበት ቀን በትውልድ አፍ ይኖራል። በእኔ ሚዛን ግን የዚያ ዘመን ትልቁ ውርስ ከዋንጫውም ይበልጣል፤ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአህጉሩን ኮንፌዴሬሽን ሲመሩ ሕግን ለኃያላን ሳያጎነብሱ መጠበቃቸው ነው።

የደርግ ዘመን በስፖርት አደረጃጀት ረገድ ሰፊ ለውጥ አመጣ፤ ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ግን ጥቂቱ ነው። ስፖርት በኮሚሽን ሥር ገባ፤ ከቀበሌ እስከ ፋብሪካ ቡድን ተደራጀ፤ ክለቦች በመሥሪያ ቤትና በሠራዊት ስም ታወቁ። ተሳታፊው በዛ። ውሳኔው ግን ሁሉ ከላይ የሚወርድ ሆነ፤ በጉባኤ ተከራክሮ አመራር የመሾምና የመሻር ልምድ እየተዳከመ ሄደ። ኋላ የሚመጣው ቀውስ ሥሩ እዚህም ይገኛል።

በ1990 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊግ ስም የተጀመረው አዲስ ውድድር ሦስተኛውን ዘመን ከፈተ። የአዲስ አበባና የጥቂት ከተሞች የነበረው ጨዋታ ወደ ክልል ከተሞች ወጣ፤ አስተዳደሮች በጀት መድበው ክለብ አቋቋሙ። ይህ ትልቅ ዕድገት ነው፤ በየከተማው ያለ ወጣት የእኔ የሚለው ቡድን አገኘ። ሆኖም ክለቡ ከትኬትና ከአባላት መዋጮ ይልቅ በመንግሥት በጀት ሲቆም፣ የክለቡ ሽንፈት የከተማው፣ ከዚያም የብሔሩ ሽንፈት ተደርጎ መታየት ጀመረ። ስታዲየሙ የፖለቲካ ብሶት መተንፈሻ የሆነበት መንገድ በዚህ ተጠረገ።

በዚሁ ጊዜ ማዕከሉ ራሱ ይናጥ ነበር። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ከሥልጣን የተነሡበት ውዝግብ ፊፋን አስቆጥቶ ኢትዮጵያ በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ታገደች፤ ከ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ወጣች። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በበቃንበት በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ከቦትስዋና ጋር በተደረገው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በመሰለፉ በሜዳ ያገኘነው ሦስት ነጥብ በፎርፌ ተወሰደ። ያ ብሔራዊ ቡድን እንደምንም አልፎ ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ። በደስታው መካከል ግን ካርድ የሚመዘግብ ቋሚ የቢሮ ሥራ አለመኖሩ አገርን ምን ሊያስከፍል እንደሚችል ታየ። የአስተዳደር ጉድለት ከሜዳ ጠብ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ መልሱ ቅርብ ነው፤ በማዕከል ያለው ፍርድ ካልታመነ በሜዳ የሚሰጠው ፍርድም አይታመንም።

መዘዙ በ2010 ዓ.ም. ፈነዳ። በኅዳር ወር ወልዲያ ላይ የወልዲያና የመቀሌ ከተማ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ግጭት ተነሥቶ ውድድሩ ሳይካሄድ ቀረ፤ ጠቡም ወደ ከተማው ወጣ። ከዚያ ወዲህ የአማራና የትግራይ ክለቦች ግጥሚያዎች በገለልተኛ ሜዳ ይደረጉ ዘንድ ግድ የሆነባቸው ጊዜያት መጡ። በሚያዝያ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከመከላከያ በተጫወቱበት ዕለት ዳኛው ኢያሱ ፈንቴ ተደበደበ፤ ፌዴሬሽኑም ሊጉን ላልተወሰነ ጊዜ አቆመ። በጊዜው ፌዴሬሽኑ ራሱ ምርጫው ደጋግሞ ሲራዘምበት የቆየ ተቋም ነበር፤ በግንቦት መጨረሻ ሰመራ ላይ ጉባኤው ተደርጎ ኢሳያስ ጅራ ተመረጡ። ሊጉ የቆመበትና ምርጫው የዘገየበት ወቅት መገጣጠሙን እንደ አጋጣሚ የሚያልፈው የታሪክ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

በሌላው ዓለምም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ብራስልስ፣ ሄይሰል ስታዲየም 39 ሰዎች ሞቱ፤ የእንግሊዝ ክለቦች ከአውሮፓ ታገዱ። በ2001 አክራ ላይ ፖሊስ በተቆጣ ደጋፊ ላይ አስለቃሽ ጭስ ተኩሶ ከ120 በላይ ሰዎች በመውጫው ተረጋግጠው አለቁ። አክራ በተለይ ለእኛ ልብ ሊባል ይገባል፤ እልቂቱን ያመጣው ጠቡን ለማብረድ የተወሰደው እርምጃ ነው።

አርሲ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከዳር የቆመ ተመልካች አይደለም። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴና የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በትራኩ ላይ ያደረጉት ለማንም አዲስ አይደለም። ያነሰ የሚነገረው በቢሮ የጀመሩት ትግል ነው። በሪዮ ኦሎምፒክ ሰሞን አትሌቶች የአመራሩን አሠራር በግልጽ ተቃወሙ፤ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ኃይሌ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ሲለቅ ደራርቱ ተተካች፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ስለሺ ስህን ተረከበ። ሦስቱም ሯጮች ናቸው። ሯጭ የነበረ ሁሉ ጥሩ አስተዳዳሪ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ተጫዋቹ ግን የተቋሙ ባለቤት መሆኑን አስመስክረዋል። እግር ኳሳችን ይህን ደረጃ ገና አልደረሰበትም።

አሁን ያለንበት ዘመን የተጀመረው ክለቦች ባለድርሻ የሆኑበት የሊግ አክሲዮን ማኅበር በ2012 ዓ.ም. ሲቋቋም ነው። በ2013 ዓ.ም. ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መታየት ጀመሩ፤ ውድድሩም አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ተሰባስቦ ተካሄደ። ሁሉም ቡድን በአንድ ሜዳ ሲሰባሰብ በእርግጥ ጠቡ ቀነሰ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ ደጋፊው ቡድኑን በገዛ ከተማው ማየት ተነፈገ፤ ባዶ ወንበር በቴሌቪዥን የተለመደ ሆነ። የሰሜኑ ጦርነት ለዓመታት የለያቸው የትግራይ ክለቦች በ2017 የውድድር ዘመን መመለሳቸው የዘመኑ መልካም ዜና ነው። ሆኖም ጠብን በማራራቅ ማስቆም ጊዜያዊ ነው፤ ደጋፊው ወደ ሜዳው ሲመለስ ምን ዓይነት ፍርድ ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ እንደቆመ ነው።

መልሱ ከታች ይጀምራል። በዴራም ሆነ በአሰላ ሰፈር የሚደረግ የክረምት ዋንጫ የሚመስለውን ሁሉም ያውቀዋል፦ አጥር የሌለው ሜዳ፣ መስመሩን ረግጦ የቆመ ተመልካች፣ ያለ ረዳት የሚያጫውት ዳኛ፣ አበሉም ከጨዋታ በኋላ የሚለመን። ጎሉ ከጨዋታ ውጭ ነው አይደለም የሚል ክርክር ሲነሣ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ይግባኙ ዳኛውን በመክበብ ይሆናል። ይህን ለማስተካከል ስታዲየም መሥራት አያስፈልግም። ውድድሩ ሳይጀመር ቡድኖች ሁሉ የሚፈርሙበት አንድ ገጽ ደንብ፣ በማግሥቱ የሚሰበሰብ የዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ ከጨዋታ በፊት የሚከፈል የዳኛ አበል ይበቃሉ። በኮሚቴውም ውስጥ ከወጣቶቹ ጎን የአካባቢው ሽማግሌዎችና ሲንቄ የያዙ እናቶች ወንበር ይኑራቸው፤ ሲንቄ ፊት የወረደ ዱላ ዳኛ ላይ አይነሣም።

የዶዶታ ወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ የየቀበሌው አስተባባሪዎችና ቡድን የምትመሩ ወጣቶች፣ የዘንድሮው ክረምት ውድድር ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ያቺን አንድ ገጽ ጻፏት፤ በሁሉም ፊት አንብባችሁም አስፈርሟት።