ከቢተዋ እስከ ፊርማ፤ የስፖርት አፍቃሪው መታሰቢያ በሰሜን ሸዋ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ በጣርማ በር ዋሻ ከወጣ በኋላ፣ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲና ይደርሳል። ከዋና ከተማይቱ 190 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ይህን ከተማ ብዙው መንገደኛ የሚያውቀው፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ቆሎ ይዘው ከመስኮቱ ሥር በሚሰለፉት ሻጮች ነው። ከአውቶቡሱ ጭነት መካከል ግን የመንገደኛውን ዓይን የማይስብ አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም የትናንት ወይም የከትናንት በስቲያ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ተነቦ ሲያበቃ ወይ ለዕቃ መጠቅለያ ይውላል፤ ወይም በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ የጭቃውን ግድግዳ ይሸፍናል። በአውራ ጎዳናው ላይ በተቆረቆሩት ትናንሽ ከተሞች የስፖርት አፍቃሪው የመጀመሪያ ስብስብ ይህ ግድግዳ ነበር ማለት ይቻላል። የሯጩ ወይም የኳስ ተጫዋቹ ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ ወደ ውጭ ዞሮ ይለጠፋል፤ የገበያ ዋጋና የሹመት ዜና ያለበት ገጽ ወደ ጭቃው ይዞራል።

የጀግንነት ምልክትን መያዝ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከደብረ ሲና በስተደቡብ በሚገኘው በአንኮበር፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በጦር ሜዳና በአደን የታወቀ ሰው ከብር የተሠራ ቢተዋ በክንዱ ላይ ያደርግ ነበር። አንበሳ የገደለም ጎፈር ይደፋል። እነዚህ ጌጦች ምስክር ናቸው፤ ባለቤቱ አፉን ሳይከፍት ያደረገውን ይናገሩለታል። ታዲያ ቢተዋውን የሚሰጠው ጌታው፣ የሚቀበለው ጀግናው ነበር፤ ቆሞ የሚያየው ሰው ግን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ፊርማ መሰብሰብ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ላይ ሰጪው ጀግናው ራሱ ሲሆን፣ ተቀባዩ ማንም የማያውቀው ተመልካች ነው። ልማዱ በኢትዮጵያ ዘግይቶ መግባቱ አያስደንቅም። በጥንቱ የነገሥታት ደብዳቤ ላይ የሚታየው ማኅተም እንጂ ፊርማ አይደለም፤ ባላገሩም ውል ሲገባ የሚጠየቀው ምስክርና ዋስ ነበር፤ ኋላ የጣት አሻራ ተጨመረለት። በቁራጭ ወረቀት ላይ የተጫረ ስም እንደ ጌጥ መፈለግ የጀመረው ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣና የስፖርት ክለብ ከተስፋፉ በኋላ ነው።

የሰሜን ሸዋ የስፖርት አፍቃሪ መታሰቢያ ይሻ ቢባል ከማን ሊጀምር እንደሚችል ማንም አይጠራጠርም። አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙ በማትርቀው፣ በመንዲዳ አካባቢ በምትገኘው በጃቶ መንደር ተወለደ። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገሩ ለዘመን መለወጫ ሲሰናዳ፣ እርሱ በሮም ጎዳና 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከ2 ዐሥረኛ ፈጽሞ ወርቁን ወሰደ። እንደሚተረከው፣ ሮም ላይ የተገዛለት አዲስ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው፣ ቀድሞም ያለ ጫማ መሮጥ ለምዶ ስለነበር፣ በባዶ እግሩ ተሰለፈ።

ለመታሰቢያ ሰብሳቢ ይህ ትልቅ እንቆቅልሽ ነው። የሌላው ሯጭ ጫማ በመስታወት ሣጥን ይቀመጣል፤ ሶሉ ማለቁ፣ ማሰሪያው መበጠሱ ይታያል። በአገሪቱ የስፖርት ታሪክ ከሁሉ የላቀው ሩጫ ግን ጫማ አልተወም። የቀረው ሜዳሊያው፣ ፎቶግራፉ፣ ፊልሙና በደረቱ ላይ የነበረው ቁጥር 11 ነው።

ስለ ቁጥር ከተነሣ አይቀር፣ የዚያኑ ምሽት አንድ ሌላ ነገር ማስታወስ ይገባል። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ለአበበ ዋነኛ ተቀናቃኙ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ቁጥር 26 ለብሶ እንደሚሮጥ ነግሮት ነበር። ራዲ ግን የለበሰው 185ን ነበር። አበበ 26 ቁጥርን በዓይኑ እየፈለገ፣ ከጎኑ የማይለየው ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጠ። ዛሬ አንድ ሰብሳቢ በራዲ ስም 26 ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ ከዚያ ሩጫ የተረፈ ነው ተብሎ ቢቀርብለት፣ የሩጫውን ፎቶግራፍ ካላየ በቀር ሊታለል በቻለ ነበር። ከዕቃው ጋር የሚሄደው ማስረጃ ከዕቃው ያነሰ ዋጋ የለውም የሚባለው ስለዚህ ነው።

በዚያው መንገድ ላይ ደግሞ ከቁጥርም ከጫማም የሚበልጥ መታሰቢያ ቆሞ ነበር። የፋሺስት መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ነቅሎ የወሰደውና በሮም አደባባይ ያቆመው ሐውልት ሯጮቹ በሚያልፉበት ጎዳና ዳር ይገኝ ነበር፤ አበበም ራዲን ጥሎ የተፈተለከው እዚያው አጠገብ ነው። ድል አድራጊ ነኝ ባይ ካሸነፈው አገር ማስታወሻ ይዞ መሄዱ የቆየ ልማድ ነው፤ ይህኛው ግን በመቶ የሚቆጠር ቶን የሚመዝን ማስታወሻ ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግመኛ ቆመ። ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ የወረሱት ከእነዚያው ጣሊያኖች መሆኑን ለሚያስብ የአካባቢው ሰው፣ አንዱ የተወሰደ፣ ሌላው የቀረ መታሰቢያ ሆነው ይታዩታል።

አበበ በቶኪዮ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ከድሉ በኋላ ቮልስዋገን መኪና ተሸለመ። ይህ ሽልማት ከሁሉም መታሰቢያዎቹ አሳዛኙ ሆነ፤ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት በዚያው መኪና ተገልብጦ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖም በቀስት ውርወራ ተወዳደረ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ከሮሙ ድል በኋላ ልክ በ12ኛ ዓመቱ፣ የክብር እንግዳ ሆኖ በሙኒክ የኦሎምፒክ ማራቶንን ተመለከተ። አሸናፊው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ወርቁን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠ። ሻምፒዮኑ ራሱ በዚያች ደቂቃ እንደ ማንኛውም አፍቃሪ ሆኖ ነበር፤ የወሰደውም ወረቀት አልነበረም። ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ከዚያ ወዲህ ፊርማው አይጨመርም፤ በሰው እጅ ያለው ይጠፋል ወይም ይጠበቃል እንጂ።

የእግር ኳሱም ዕጣ ከዚህ ብዙ አይለይም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታገኝ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያ ዋንጫ ግን በ1970 ዓ.ም. ሦስተኛ ድሏን ላገኘችው ለጋና ለዘለቄታው ተሰጠ። የ1954ቱን ድል በእጁ ሊዳስስ የሚሻ ኢትዮጵያዊ እንግዲህ ወደ ፎቶግራፍና ወደ አሮጌ ጋዜጣ ይመለሳል።

በውጭው ዓለም ይህ ሁሉ ገበያ ሆኗል። በመጀመሪያው የአቴንስ ኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈው የግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ ዋንጫ በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ ከ540 ሺሕ ፓውንድ በላይ ተሸጠ፤ ደግነቱ የገዛው የግሪክ ድርጅት ለሕዝብ እንዲታይ አደረገው። ጄሲ ኦውንስ በበርሊን ካገኛቸው አራት ወርቆች አንዱ በ2006 ዓ.ም. ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ዋጋ ሲንር አስመሳዩም ይበዛል፤ የሐሰት ፊርማ መጻፍ የሐሰት ሜዳሊያ ከማቅለጥ እጅግ ይቀላልና።

ስምም ቢሆን ይሸጣል። ቪብራም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ለባዶ እግር ሩጫ የሚመስል ጫማ ሠርቶ «ቢኪላ» ብሎ ሰየመው። የአበበ ቤተሰብ በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ ዳኛው ግን ቤተሰቡ ነገሩን ከዓመታት በፊት እያወቀ ዘግይቷል በማለት በ2009 ዓ.ም. መዝገቡን ዘጋ። ጫማ ያልተወው ሰው ስሙ የጫማ ስም ሆነ። መጋቢት 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ የሮሙ ድል 50ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና የሮምን ማራቶን እየመራ ሳለ የመጨረሻዎቹን 300 ሜትር ያህል ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ ለዚህም 5 ሺሕ ዩሮ ተጨማሪ ሽልማት ተከፈለው።

ሰሜን ሸዋ ከአበበ በኋላም አልነጠፈም። ከደብረ ብርሃን ወዲህ ባለችው በጫጫ የተወለደችው ጌጤ ዋሚ በ1991 ዓ.ም. በሴቪል የ10 ሺሕ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ የበርሊንንም ማራቶን በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. በተከታታይ አሸነፈች። በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ደግሞ ለተራው ሯጭ የራሱን መታሰቢያ ሰጠው፤ የሩጫው ካናቴራ በያመቱ እየታደለ ከአዲስ አበባ ውጭም እስኪነትብ ድረስ ይለበሳል። ፊርማ የሚጠይቅ ወጣት ግን ተመናምኗል። አትሌት ያገኘ ሰው ብዕር ሳይሆን ስልኩን ያወጣል፤ አብሮ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ስልኩ ሲበላሽ ወይም ሲሰረቅ ፎቶግራፉም አብሮ ይሄዳል።

ሌላው ጥፋት ድምፅ የለውም። በደብረ ሲናም ሆነ በሌሎቹ የአውራ ጎዳናው ከተሞች የጭቃው ቤት በብሎኬት በሚተካበት ጊዜ፣ በያመቱ ዘመን መለወጫ ሲደርስ በላይ በላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ከነጭቃው ተጭኖ ይጣላል። ከሥሩ ያለው ንብር የየትኛው ዘመን እንደሆነ የሚያይ የለም። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ግድግዳውን ፎቶግራፍ ለማንሣት፣ የጋዜጣውን ቀንና የባለቤቱን ቃል በደብተር ለማስፈር የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል፤ የትምህርት ቤት ተማሪዎችም ሊሠሩት ይችላሉ። ፊርማ ያለው ወረቀት በእጁ ያለ ሰውም ከኋላው ሦስት ነገር በእርሳስ ቢጽፍበት መልካም ነው፦ ማን ፈረመው፣ የት፣ በስንት ቀን።