የተጣለው ደም

በእስራኤል «የደም ጉዳይ» በመባል የሚታወቀው ቅሌት ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1996 ነው። «ማሪቭ» ጋዜጣ እንዳጋለጠው፣ በማገን ዳቪድ አዶም ሥር የሚገኘው የደም ባንክ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም እየተቀበለ፣ ለለጋሾቹ ሳያሳውቅ ለዓመታት ሲያስወግድ ቆይቷል። የተሰጠው ምክንያት በማኅበረሰቡ ውስጥ የኤች.አይ.ቪ. ስርጭት ከፍተኛ ነው የሚል ነበር። ይህም መለኪያው የእያንዳንዱ ሰው ጤንነት ሳይሆን ትውልዱ ሆነ ማለት ነው።

በዚያው ወር መጨረሻ ወደ 10 ሺሕ የሚገመቱ ሰልፈኞች በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጩ። መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሃቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ።

ቁስሉ ግን አልሻረም። በዲሴምበር 2013 ኢትዮጵያ የተወለዱት የፓርላማ አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ በምክር ቤቱ ቅጥር ግቢ ደም ለመለገስ ቢጠይቁ ተከለከሉ። በ2015 ፖሊሶች ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደርን ሲደበድቡ የሚያሳይ ምስል ሌላ የተቃውሞ ማዕበል አስነሳ። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራው ኮሚቴ ተቋማዊ አድልዎ መኖሩን አመነ።

ደሙን ፊት ለፊት ተቀብሎ ከኋላ የጣለበትን ተቋም ያወቀ ዜጋ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠውን ማብራሪያ ሁሉ የሚያዳምጠው በጥርጣሬ ነው።