የሕፃናት እንክብካቤ ሙያ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፦ ሥልጠና፣ መመዘኛና ሕግ

ሕፃን መንከባከብ ለረጅም ዘመን ከእናትና ከአያት በልማድ የሚወረስ ተግባር ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቷል። ዛሬ ግን ሥልጠናና መመዘኛ የሚጠይቅ ሙያ መሆኑ እየታወቀ መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ በ2018 ያወጡት ማዕቀፍ ጥሩ ጤናን፣ በቂ ምግብን፣ ለሕፃኑ ስሜት ምላሽ መስጠትን፣ ደኅንነትንና ቀደምት የመማር ዕድልን የእንክብካቤ አምስት ምሰሶዎች ያደርጋቸዋል።

በአቡ ዳቢ በ2019 የተቋቋመው የቅድመ ልጅነት ባለሥልጣን ከእርግዝና ጀምሮ እስከ 8 ዓመት ያለውን ዕድሜ ይከታተላል። «ወዲማ» በሚል ስም የሚታወቀው የ2016 የፌዴራል ሕግ ቁጥር 3 ደግሞ ልጅን የማስተማር ወይም የመንከባከብ ኃላፊነት የተጣለባቸው ሰዎች ሕፃኑን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ሲመለከቱ እንዲያሳውቁ ግዴታ ይጥልባቸዋል።

የሥልጠናው ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በአደጋ ጊዜ ነው። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ምግብ አንቆት ማልቀስም ሆነ መሳል ሲያቅተው ውኃ ማጠጣት ወይም በጭፍን ጣት ወደ ጉሮሮው መስደድ ጉዳቱን ያባብሳል። የሠለጠነች ተንከባካቢ ግን የሕፃኑን ጭንቅላት ዝቅ አድርጋ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ ጀርባውን ትመታለች፤ ካልወጣለት ደረቱን አምስት ጊዜ ትጫናለች፤ ሁለቱን እያፈራረቀች ትቀጥላለች፤ አምቡላንስም በ998 ታስጠራለች። ሕፃን በጀርባው፣ ትራስ በሌለበት ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ ላይ መተኛት እንዳለበትም ታውቃለች።

የሥራ ሁኔታም የመመዘኛው አካል ነው፤ እንቅልፍ ያጣች ሞግዚት ንቁ ልትሆን አትችልምና። በታኅሣሥ 2022 በሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 9 ሞግዚቶችንም ይመለከታል። በሕጉ መሠረት ሠራተኛዋ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት ይገባታል፤ ከዚህም ቢያንስ 8ቱ ተከታታይ መሆን አለባቸው። በሳምንት የአንድ ቀን ዕረፍት፣ በዓመትም ከ30 ቀን የማያንስ ፈቃድ አላት።

በኢትዮጵያም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ የሚጓዝ ዜጋ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ደንግጓል። ስለዚህ በሞግዚትነት የምትሠራ እኅት የወሰደችውን የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ሥልጠና ምስክር ወረቀትና የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ጠብቃ ማቆየት ይጠቅማታል። በእጅ ያለ ሙያ በወረቀት ሲረጋገጥ፣ ነገ በመዋለ ሕፃናት ለመቀጠር ለሚደረግ ጥያቄ መነሻ ይሆናልና።